ፕሉቶ በሥላሴ ዕለት

«ነጠላሽን አዙሪው» አለች አስቻለች።

ጮክ ብላ አልተናገረችም። ሴቶቹ ግን ለቅሶውን ጋብ አድርገው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ሰዓት ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ሜቲ የንፍሮ ሳህን እንደያዘች ባለችበት ቀጥ አለች።

የነጠላ ነገር በነአስቻለች ሰፈር ቀልድ አይደለም። ቀብር ላይ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ይለብሳል። ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ ንፍሮ ከተቀመሰ በኋላ ግን ጎረቤቱ ጥለቱን ወደ ታች መልሶ የጎረቤትነቱን ያለቅሳል፤ እንዳዘቀዘቀ የሚቆየው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። ይህ ሕግ ሆኖ የትም አልተጻፈም። ሆኖም የሰፈሩ ሴቶች ድንኳን በር ላይ ቆመው፣ ማን የማን እንደሆነ ከነጠላው ያውቃሉ። ሜቲ የጓሮ ክፍል ተከራይዋ የኢፍቱ ልጅ ናት። እሁድ ቀብሩ ቂርቆስ ተፈጽሞ፣ ሁሉም ተመልሶ፣ ሁሉም ነጠላውን አዙሮ፣ የሷ ጥለት አሁንም አንገቷ ሥር ነበር።

«እቴቴ…» አለች ሜቲ።

«ያዘቀዘቅነው እኛ ነን፣ እናቴና እኔ። ያንቺ አባት አይደለም የሞተው።»

ሜቲ ሳህኑን አጠገቧ ላለችው ሴት አቀበለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ገለበጠች፣ መልሳ ለበሰች።  ሳህኗን ተቀብላ ንፍሮውን ማዞሯን ቀጠለች። አስቻለች ፍራሹ ላይ፣ ከእናቷ ጎን፣ የራሷን ጥለት በአገጯ ይዛ ተቀመጠች። የፈለገችውን አድርጋለች፤ ነገር ግን ምንም አልቀለላትም።

ሟቹ አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራቸው እዚያ ነበር እንጂ ልባቸው እዚያ አልነበረም። ሌላው ሰው በሻይ ሰዓት ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ፣ እሳቸው ማርስ ላይ ውሃ ይኑር አይኑር ሲያሰላስሉ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። ጨረቃ ሙሉ የሆነች ቀን ራት ቀርቦ ደጅ ናቸው። ሚስታቸው የሻረግ በሩ ላይ ቆማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ስትላቸው፣ «ላሟን ተያትና ሰማዩን እዪው» ይሏታል። እሷም አንድ ጊዜ ቀና ብላ ታይና «አየሁት፣ አሁን ግባ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ትላለች።

ደርግ ወድቆ ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ ሲከፈት ለአቶ ሀብተሥላሴ ሰማይ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከአጥናፉ ቪዲዮ ቤት አንድ ካሴት ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይመጣሉ። ካሴቱ ሁልጊዜ የጠፈር ነው። መንኮራኩር፣ ሮቦት፣ አንገተ ረጅም ፍጡር። ሳሎኑ በጎረቤት ይሞላል፤ እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ይተረጉማሉ። ትርጉማቸው ደግሞ ልክ የለውም። ፍጡሩ ሲያጓራ «ራበኝ ነው የሚለው» ይላሉ። አንዱ ጠፈርተኛ ተመትቶ ሲወድቅና ሴቶቹ ሲያዝኑ፣ «አልሞተም፣ ደክሞት ነው፣ ይነሣል» ብለው ያጽናናሉ። ፊልሙ አልቆ ሰውዬው ሳይነሣ ሲቀር የሚጠይቃቸው የለም።

አስቻለች ያኔ አባቷ እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ የራሷ ቦታ ነበራት። ፊልሙ ሊጀመር ሲል «ነይ፣ መንኮራኩሩ ሊነሣ ነው» ብለው ይጠሯታል። እሷ ሳትቀመጥ ማሽኑን አይነኩትም። ይህን ሁሉ ያበላሸችው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት የክፍል ጓደኞቿን ይዛ መጣች። አባቷ የሮቦቱን ድምፅ እያስመሰሉ ሲተረጉሙ አንደኛዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «አባትሽ ጤነኛ ነው?» አለቻት። አስቻለች ፊቷ ጋለ።

«አባዬ፣ በቃ ዝም በል። ሁሉም ውሸት ነው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ዝም አሉ። የቀረው ፊልም ያለ ትርጉም አለቀ፤ ጎረቤቱም ያለ ወሬ ወደየቤቱ ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሴቱን ይዘው መጡ፣ ሰዉ መጣ፣ ማሽኑ ተነካ፤ ግን «ነይ» የሚል ድምፅ አልተሰማም። አስቻለች ጓዳ ደብተሯን ገልጣ፣ አንድም ፊደል ሳትጽፍ፣ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያ በኋላም። እሳቸው ልጅቷን እንዳያሳፍሯት ብለው፣ እሷ ይጥሩኝ ብላ፣ በአንድ ግድግዳ ሁለት ወገን ሆነው ቀሩ።

ከዚያ ኢፍቱ ጓሮውን ተከራየች። ባሏ ደቻሳ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ። ሜቲ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። መጠራት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች ገብታ በቀጥታ እዚያ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። ማንም አላስነሣትም። ትንሽ ቆይቶ አስቻለች ጓዳ ሆና ሰማች፤ «ነይ ጠጋ በይ፣ መንኮራኩሩ ሊነሣ ነው።» የሷን ቃል ነበር ለሌላ ሰው ያሉት። ያን ዕለት የገባባት ቅናት ዕድሜዋን ሁሉ አብሯት አደገ። ትምህርት ስትጨርስ፣ ሥራ ስትይዝ፣ ትዳር ይዛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስትገባ አልለቀቃትም። በበዓል ስትመጣ አባቷና ሜቲ አንድ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ታያለች፤ እሷ ስትጠጋ ዝም ይላሉ፤ እሷም ቂሟን ቋጥራ ትመለሳለች።

ሰኞ ዝናቡ አላባራም። የድንኳኑ ሸራ ውሃ እያቆረ ወንዶቹ በመጥረጊያ እንጨት ከውስጥ እየገፉ ያፈሱታል፤ ከዚያ ወደ ካርታቸው ይመለሳሉ። ለቀስተኛ መጥቶ «ነፍስ ይማር» ሲል ካርታው ይታጠፋል፤ ለቀስተኛው ሲቀመጥ ይዘረጋል። አስቻለች ከፍራሹ ላይ ሆና ዓይኗን ከሜቲ አልነቀለችም። አግዳሚ ወንበር የምታስተካክለው ሜቲ፣ ሻይ የምታቀርበው ሜቲ፣ የአረጋውያኑን ጃንጥላ ተቀብላ የምታስቀምጠው ሜቲ። የእድሯ ሴት ፀሐይቱ ይህን አይታ፣ አጠገቧ ላለችው በሹክሹክታ፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ይሄ ነው፤ ቅዳሜ ሐኪም ቤት የወሰደችውም እሷ ናት፣ ነፍሱ ስትወጣ እጁን ይዛው ነበር» አለች። ሹክሹክታ የሚባለው ነገር ለቅሶ ቤት ውስጥ ከንግግር በላይ ይሰማል። ጎተራ መቼ ሩቅ ሆነ? አለች አስቻለች በሆዷ። በታክሲ አንድ ጊዜ ነው። ግን ላለፉት ሁለት ወራት ያን አንድ ታክሲ አልተሳፈረችም፤ ይህን ስታስብ በራሷ መናደድ ሲገባት በሜቲ ተናደደች።

የሻረግ ግን ሐዘኗን በወሬ የምትገፋ ሴት ናት። የባሏ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሲመጡ ፕሉቶ የተሰረዘችበትን ቀን አነሣችላቸው። አቶ ሀብተሥላሴ ያን ቀን ከቢሮ ሲመጡ ፊታቸው ተለዋውጦ፣ ዘመድ የሞተባቸው መስሏት ደንግጣ ነበር። ለካ የፈረንጅ ሊቃውንት ተሰብስበው ፕሉቶ ከእንግዲህ ፕላኔት አይደለችም ብለው ወስነዋል። «ከእድር ሰረዟት፣ የሻረግ» አሏት፤ «ትንሽ ናት ብለው ከእድር ሰረዟት።» ራት አልበሉም። ነገሩ አብግኗቸው ሲቆዩ ቆይተው፣ ሊተኙ ሲሉ፣ «ከእድር ብትሰረዝም ዘመድነቷ የት ይሄዳል» ብለው ተጽናኑ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ካርታ ተጫዋቾቹም ሳቁ። የሻረግ ራሷ ስቃ ስታበቃ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረና ሁሉም አብሯት አለቀሰ።

አስቻለች ብቻ አልሳቀችም። ፕሉቶ የምትባለው ነገር በተነሣች ቁጥር እሷ የምታስታውሰው የዚያኑ ዓመት ጥምቀት ነው።

ያኔ ኢያቄምን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያመጣችበት ዕለት ነበር። ዶሮ ተሠርቷል፣ አዲሱ ሳህን ወጥቷል። አቶ ሀብተሥላሴ የሚያገባትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው በየመሃሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። ገና ራት ሳይነሣ ብድግ አሉ። ዛሬ አንድ መንኮራኩር ወደ ፕሉቶ ይነሣል፣ እዚያ ማዶ ያለው ሆቴል ዲሽ አለው፣ ሲነሣ ያላየሁትን ሲደርስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ፣ አሉ። ኢያቄምን «ትመጣለህ?» ብለው ጠየቁት፤ እሱ አስቻለችን አየ፤ አስቻለች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አባቷ ወደሷ ዞሩ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ነበር። የሆነ ነገር ሊሏት እንደፈለጉ አውቃለች፤ እስከ ዛሬም ታውቃለች። ሳይሉት ቀሩና ኮታቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሜቲ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ፣ ሹራቧን ለብሳ ትጠብቃቸው ነበር።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፣ አስልቼዋለሁ፣ ሐምሌ ሰባት ነው የሚደርሰው፣ በጥምቀት ተነሥቶ በሥላሴ ይደርሳል፣ አሉ። የሻረግ «ታቦት አደረግኸው እኮ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሐምሌ ሰባት የቤቱ ቀጠሮ ሆነች። ጡረታ ወጥተው፣ ልባቸው ደክሞ፣ ሐኪም ጨውና ጭንቀት ከልክሏቸው እንኳ «ሥላሴ ብቻ ያድርሰኝ» ይሉ ነበር፤ የሰማቸው ሁሉ ስለ በዓሉ የሚያወሩ ይመስለው ነበር። ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሞቱ።

ሰኞ ወደ ማምሻው ላይ አንድ መነጽራቸው የወፈረ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ድንኳኑ ገቡ። የቪዲዮ ቤቱ አጥናፉ ናቸው። ቪዲዮ ቤታቸው ከተዘጋ ዘመን አልፏል፣ ወዳጅነቱ ግን አልተዘጋም ነበር። ፍራሹን አልፈው፣ ሐዘንተኞቹን አልፈው፣ ሜቲ የሻይ ትሪ ይዛ ወደቆመችበት የድንኳን ምሰሶ ሄዱ። ትከሻዋን ይዘው ሳሟትና እንባቸው ወረደ።

«አስቻለች ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ። ካፒቴናችን፣ በርቺ እንግዲህ።»

 የካርታው ድምፅ እንኳ ቆመ።

«እኔ ሜቲ ነኝ፣ ጋሽ አጥናፉ» አለች ሜቲ ቀስ ብላ። «አስቻለች እዚያ ያለችው ናት።»

ሽማግሌው ዞረው አስቻለችን ከመነጽራቸው በላይ አዩአት። ሀብቴ አስቻለች አስቻለች ሲል፣ ሁልጊዜ አብራው የምትመጣውን ልጅ አይቼ ልጁ መስላኝ ነው፣ ይቅርታ፣ አሉ። ከዚያ በርኅራኄ ፈገግ ብለው «እንዲያ ከሆነ ካፒቴኗ አንቺ ነሽ?» አሏት።

«የምን ካፒቴን?» አለች አስቻለች።

ሽማግሌው ሜቲን አዩ። ሜቲ ትሪዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እሱን እሷ ትንገርሽ ብለው አጥናፉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሌላም አላሉ።

አስቻለች ሜቲ የወጣችበትን አቅጣጫ አየች። ቦታዋን ወሰደች፣ ያ ይቅር። ቃሏን ወሰደች፣ እጃቸውን ይዛ ሸኘች፣ ያም ይቅር። አሁን ደግሞ ስሟ። አባቷ ይህችን ልጅ ይዘው በየቪዲዮ ቤቱ ልጄ አስቻለች እያሉ ሲያስተዋውቁ ታያት። የተሳሳቱት ሽማግሌው እንደሆኑ ታውቃለች፤ መነጽራቸውን አይታለች። ግን ቅናት ያመነውን እንጂ ያየውን አይሰማም፤ አስቻለችም እስኪመሽ ድረስ ያመነችውን ስታብሰለስል ቆየች።

ማክሰኞ ሰልስት ነበር፤ ሥላሴም ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ጸሎቱ ተደረሰ፣ የሟቹ የክርስትናና የዓለም ስም ተጠራ፣ ተመልሰው ቤት ለመጣው ሰው ምሳ ቀረበ። ሜቲ የለችም። አስቻለች ይህን ያወቀችው ሻዩ ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ኢፍቱን ጠየቀቻት፤ ኢፍቱ አንገቷን ደፍታ ሆቴል ናት፣ ሥራ ገብታለች አለቻት። ሜቲ እዚያው ካዛንቺስ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ለሐዘኑ ደግሞ ፈቃድ ወስዳ እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

አስቻለች ደስ አላት፣ ደስታዋም አናደዳት። ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች።

«አየሽ? ሰልስቱን እንኳ ሳትጨርስ ጥላ ሄደች።»

የሻረግ ከፊቷ ካለው ሰው ጋር ራሷን በሐዘን እየነቀነቀች፣ ወደ ልጇ ሳትዞር፣ «ቀንተሻል» አለቻት።

አስቻለች ልትክድ አፏን ከፈተች። ከሦስት ቀን ለቅሶ በኋላ ግን የመካጃ ጉልበት አልነበራትም።

«አዎ ቀንቻለሁ። እጁን የያዘችው እሷ ናት። ስሜንም ለሷ ነው የሰጣት፣ ትናንት ሰምተሻል። እኔ ምኑ ነበርኩ?»

«እኔስ አልቀናሁም መሰለሽ?» አለች የሻረግ። «ከሰማይ ጋር ተዳብዬ እኮ ነው ትዳሬን የያዝኩት። በኋላ ደከመኝና አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ ቅናቴ እዚያው ቀረ። አንቺም ቁጭ ብለሽ ብትሰሚው ኖሮ…»

«አልጠራኝማ።»

«የገዛ አባትሽ ቤት ማን ይጥራሽ?» የሻረግ አሁን ዞረች። ዓይኗ አብጦ ነበር። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ፣ ልጄ። ያቺ ልጅ አባት ስላልነበራት ያንቺ አባት ምን እንደሆነ አወቀች። አንቺ ነበረሽና ጥሪ ጠበቅሽ። እሱም አንቺን ፈራ። ምኑ ነበርኩ ትያለሽ? የሚፈራው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

 አስቻለች ጥለቷን ወደ አፏ ሳበች።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ እየተሳሳመ ተበተነ። የእድሩ ወንዶች አግዳሚዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ይደራርቡ ጀመር፤ ሁለቱ የድንኳኑን ገመድ ለመፍታት ውጪ ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። ሜቲ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የሆቴሉን ሰማያዊ ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ ከላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ እስከ ውስጧ በስብሳ ገባች። ጥለቱ እንደታዘዘችው ወደ ታች ነው። ፍራሹ ፊት መጥታ ተንበረከከች፤ ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ሞባይል አወጣች።

«እቴቴ፣ ደርሷል።»

«ምኑ?»

ሜቲ ስልኩን ዘረጋችላት። እስክሪኑ ላይ ከጥቁር ጨለማ መሃል አንዲት ክብ ነገር ነበረች፤ ጠይም፣ ሸክላ የመሰለች፣ ከታች በኩል ሰፊ ነጭ ቦታ ያላት። አስቻለች ብዙ የጠፈር ሥዕል ግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ቤት ነው ያደገችው፤ ይህችን ግን አይታት አታውቅም። ከዛሬ በፊት በደንብ ያያት ሰው የለም።

«ፕሉቶ ናት» አለች ሜቲ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እዚህ ኔትወርኩ አይሠራም፣ ሆቴሉ ዋይፋይ አለው፣ ለዛ ነው የሄድኩት። እስኪለቁት ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ሰልስቱን ጥዬ አይደለም። በቃ፣ ለአንቺ ሳላሳይ ለማንም ማሳየት አልችልማ።»

«ለምን ለኔ?»

«ሲደርስ መጀመሪያ ለካፒቴኗ ነው የሚነገረው። ጋሽ ሀብቴ እንደዛ ነው ያለው።»

የሻረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን ታውቀው እንደነበር አስቻለች ከአዟዟሯ ተረዳች።

ሜቲ መጀመሪያ እየፈራች፣ በኋላ እየፈጠነች ነገረቻት። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ጋሼ ፊልሙን ራሱ መሥራት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምንጣፉ ላይ ይቀመጡና ካለፈው ሳምንት ይቀጥላል። አንድ መንኮራኩር ወደ ፕሉቶ ይሄዳል። አዛዡ ካፒቴን አስቻለች ናት። ካፒቴን አስቻለች ምንም አትፈራም። ሞተሩ ሲያስቸግር ትቆጣዋለች፣ ሞተሩም ይነሣል። ውሸት አትወድም፤ መርከቧ ላይ ውሸት የተናገረ ሮቦት አንድ ሳምንት ከሥራ ይታገዳል።

አስቻለች ውሸት የሚለውን ቃል ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንቺስ?» አለች። «አንቺ ምን ነበርሽ?»

«እኔማ ምድር ላይ ነኝ። ሬዲዮ ነው የምይዘው። ካፒቴን አስቻለች፣ ይሰማል? እላለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።» ሜቲ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ልክ እንደ ልጅነቷ። «አንድ ቀን አልቅሼ፣ ዛሬ እንኳ እኔን ካፒቴን አርገኝ አልኩት። ቦታው ተይዟል፣ አለኝ። እንዴት እንደምናደድብሽ… ማለቴ፣ እቀናብሽ ነበር እቴቴ። በበዓል ስትመጪ እንዳትሰሚን ዝም እንል ነበር፣ እሱ ያፍራል። እኔ ደግሞ በቃ ቶሎ ብትሄድ እል ነበር።»

«እሱስ?» አለች አስቻለች። «አባዬ የት ነበር? መንኮራኩሩ ላይ ነበር?»

«እኔ ጋር ነዋ። ጣቢያው ውስጥ። ሁለታችን ቁጭ ብለን መልስሽን እንጠብቃለን። ካልመለሰችስ ስለው፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው ይለኛል። ይቆያል እንጂ አይቀርም።»

አስቻለች በቀብሩም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናትም፣ ሰው እንደሚያለቅሰው አልቅሳ ነበር። አሁን የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ከሆዷ ይነሣና ትከሻዋን ያንቀጠቅጠዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዳ ተቀምጣ ጥሪ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ደግሞ ሳሎን ተቀምጠው መልስ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከጎተራ ካዛንቺስ። አንድ ታክሲ ነበር። የቀናችባት ልጅ ደግሞ የሷን ቦታ አንድ ቀን እንኳ አልያዘችም፤ አጠገባቸው ሆና አብራቸው ስትጠብቃት ነበር።

ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከፍራሹ ራስጌ በርጩማ ላይ ወደቆመው የአባቷ ፎቶ አስጠግታ፣ ፊቱን ወደሳቸው አድርጋ አስደገፈችው። የእስክሪኑ መብራት ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

«እትዬ የሻረግ፣ ድንኳኑን እንፍታው?» አለ ከውጪ አንዱ የእድር ሰው።

«ትንሽ ቆዩ» አለች አስቻለች በእናቷ ፈንታ።

ወደ ሜቲ ዞረች። እጇን ሰድዳ የረጠበውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችው። ሜቲ ደንግጣ አልተንቀሳቀሰችም፤ እሁድ እንዳደረገችው አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። አስቻለች ነጠላውን ጨምቃ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰች፣ ዘረጋችው፣ ከላይ የነበረውን ወደ ታች ገለበጠችው።

«ነይ» አለቻት፣ በሷና በእናቷ መካከል ፍራሹ ላይ ቦታ እየለቀቀች።

ሜቲ ተሻግራ ተቀመጠች። አስቻለች ነጠላውን አለበሰቻት፤ ጥለቱንም ጎትታ አንገቷ ሥር፣ ከራሷ ጥለት ትይዩ፣ አስተካከለችላት።